በሰው ጆሮ ስፒከር ይገዛል ወይ?

ይድረስ ለዓምዱ አማካሪ፣

ጥያቄዬ ወደዚህ ዓምድ ከሚላኩት ከባድ የሕይወት ጥያቄዎች አጠገብ ሲቀመጥ ቀላል ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ፤ ለእኔ ግን ሰባት ወር ሙሉ ሰላም የነሳኝ፣ በቤቴም ውስጥ ቅሬታ የፈጠረ ጉዳይ ነው። ለሳሎናችን የሚሆኑ፣ ወለል ላይ የሚቆሙና ዋጋቸው ከአቅሜ ያልራቀ ሁለት ስፒከሮች ለመግዛት ገንዘብ አጠራቅሜ ጨርሻለሁ። መወሰን ግን አቃተኝ። የአድማጮችን አስተያየት ባነበብኩ ቁጥር የባሰ ግራ እጋባለሁ። ሆርን ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ ጥሩንባ በመሰለ አፍ የሚያወጣ ክፍል) ስላለው አንድ ስፒከር አንዱ አድማጭ «ዘፋኙ ፊት ለፊቴ የቆመ ያህል ይሰማኛል» ብሎ ሲያደንቅ፣ ሌላው ስለዚያው ስፒከር «ጆሮ ይበሳል፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አያስቀምጥም» ይላል። ፖልክ ቲ50 ስለሚባለው ረጅም ስፒከር ደግሞ አንዱ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጡትን ዉፈሮች ቆጥሮ «ሦስት ዉፈር ስላለው ቤቱን ይሞላዋል» ሲል፣ ሌላው «የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ለመልክ የተቀመጡ ናቸው» ብሎ ይመልስለታል።

ታላቅ ወንድሜ ከድምፅ ዕቃ ጋር ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ነው። «በትንሽ ገንዘብ ረጅም ስፒከር መግዛት አየር የሞላው ሣጥን መግዛት ነው፤ በዚያው ገንዘብ ጥሩ የመደርደሪያ ስፒከር ግዛ» ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ የሁለት ዓመት ልጃችን ስፒከሩን ጎትታ በላይዋ ላይ እንዳትጥለው ትሰጋለች፤ ሳሎኑ 4 ሜትር በ3.20 ሜትር ብቻ ስለሆነም «እኛስ የት ልንቀመጥ ነው?» ትላለች። ከሁሉ በላይ ግን በየምሽቱ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ የሰው አስተያየት ሳነብ ማምሸቴ አሰልችቷታል።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ነው። ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ያኔ ከእኔ ቁመት ብዙም የማያንሱ ሁለት ስፒከሮች ነበሯቸው። ማታ ማታ መብራቱን ዝቅ አድርገው፣ እኔን ከጎናቸው አስቀምጠው ሙዚቃ ያዳምጡ ነበር። አምፕሊፋየራቸው አሁን እኔ ጋ ነው፤ ይሠራል፤ የድምፅ መጨመሪያው ሲዞር ግን ይንኮሻኮሻል። ስፒከሮቹ የዉፈሮቻቸው ዙሪያ ስፖንጅ ተፈርፍሮ ስላለቀ ዕቃ ቤት ውስጥ ጨርቅ ለብሰው ተቀምጠዋል። እኔ የምፈልገው ያንን ድምፅ ነው። ተሳስቼ ሌላ ነገር ገዝቼ እንዳልቆጭ እፈራለሁ። የትኛውን አድማጭ ልመን?

ግራ የገባው አድማጭ

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ የዕቃ ምርጫ ጥያቄ መስሎኝ ነበር፤ በሁለተኛው ግን መብራቱን ዝቅ አድርገው የሚያዳምጡት አባትዎና ከጎናቸው የተቀመጠው ልጅ ከዓይኔ አልጠፉ አሉኝ። አንድ ሰው የሚፈልገው ድምፅ ከሚወደው ሰው ትዝታ ጋር ሲጣበቅ፣ የመሳሳት ፍርሃቱ ከገንዘቡ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ ሰባት ወር መፍጀትዎ አልገረመኝም፤ በራስዎም ላይ አይፍረዱ።

የትኛውን አድማጭ ልመን ላሉት የእኔ መልስ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል የሚል ነው። «ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ቤቱን ይሞላዋል» የሚል ሰውና «ቤዝ የለውም» የሚል ሰው ያዳመጡት ያንኑ ስፒከር ቢሆንም፣ ያዳመጡበት ክፍል፣ የተቀመጡበት ቦታ፣ ያገናኙት አምፕሊፋየርና የከፈቱት የድምፅ መጠን አንድ አይደለም። የአንድ አድማጭ አስተያየት ስለ ስፒከሩ የሚናገረውን ያህል ስለ ክፍሉም ይናገራል፤ አብዛኛው አስተያየት ሰጪ ግን ክፍሉን ሳይገልጽልን ያልፋል።

ይህንን በእርስዎ ሳሎን ላሳይዎ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ፣ ርዝመቱ ከክፍሉ ጋር የሚገጥመው ሞገድ ከሌሎቹ ተለይቶ ይጎላል። በ4 ሜትሩ በኩል ይህ የሚሆነው 43 ሄርዝ (በሴኮንድ 43 ርግብግቢት) አካባቢ ነው፤ በ3.20ው በኩል ደግሞ 54 ሄርዝ አካባቢ። አሁን ቤዝ ጊታርን ያስቡ፤ ከአራቱ ክሮች የመጨረሻዋ ወፍራም ክር ሳትያዝ ስትመታ 41 ሄርዝ፣ ከእሷ ቀጥላ ያለችው 55 ሄርዝ ትሰጣለች። እንግዲህ የእርስዎ ክፍል ቤዝ ጊታሪስቱ በብዛት የሚመላለስባቸውን ሁለት ኖታዎች ከሌሎቹ አስበልጦ የሚያስጮህ ክፍል ነው ማለት ነው። የትኛውንም ስፒከር ቢያስገቡበት ይህ ጠባዩ አይለቅም። ጀርባዎን ከኋላው ግድግዳ አስደግፈው ቢያዳምጡ የ43ቱ ኖታ ያብጥና ሌላውን ሙዚቃ ይሸፍናል፤ ተነሥተው ልክ የክፍሉ እኩሌታ ላይ፣ ሁለት ሜትሩ ላይ ቢቆሙ ግን ያው ኖታ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ሁለት ሰዎች በአንድ ሳሎን፣ በአንድ ምሽት፣ ሁለት ሜትር ተራርቀው ተቀምጠው የሚቃረን ምስክርነት ሊሰጡ ይችላሉ፤ አንዳቸውም አልዋሹም።

የድምፁ መጠንም ሌላ ምክንያት ነው። ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ የሰው ጆሮ ድምፅ ዝቅ ባለ ቁጥር ወፍራሙን ድምፅ ከመካከለኛው ይልቅ አብዝቶ ይጥለዋል። የሁለት ዓመት ልጅ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያዳምጠው ልጅቷ ከተኛች በኋላ፣ በለሆሳስ ይመስለኛል። ታዲያ ቀን በቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው ስለ ቤዙ የሚሰጠው ምስክርነት ለእርስዎ ምን ያህል ይጠቅማል? በነገራችን ላይ፣ በአባትዎ አምፕሊፋየር ላይ «ላውድነስ» የሚል ቁልፍ ካለ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ድምፅ ዝቅ ሲል የሚጠፋውን ቤዝ መልሶ ይጨምራል። ምናልባት አባትዎ ማታ ማታ ሳይጠቀሙበት አልቀሩም።

ዕድሜም አለ። ቀጭኑን ድምፅ የመስማት አቅማችን ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ለአንዱ ወጣት ጆሮ የሚበሳው ትዊተር ለአንዱ አዛውንት ልክ ሊሆን ይችላል። በተለይ ስለ ሆርን ትዊተር ያነበቡት ክርክር የተለመደ ነው። ፖል ክሊፕሽ እ.ኤ.አ. በ1946 ኩባንያቸውን ካቋቋሙበት ጊዜ ጀምሮ እስካሁን ሆርን የሚወዱ አድማጮች አሉ፤ የማይስማማቸውም አሉ። ሆርኑ ድምፁን ሰብሰብ አድርጎ ወደ ፊት ስለሚልከው፣ ስፒከሩ በቀጥታ ወደ ጆሮዎ ከዞረ ድምፁ ይነቃል፣ ይሾላልም፤ ስፒከሩን ጥቂት ወደ ውጭ ሲያዞሩት ይለዝባል። «ጆሮ ይበሳል» ያለው ሰው ስፒከሩን ስንት ዲግሪ እንዳዞረው ጽፎ ነበር?

ዓይንም ይፈርዳል። ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረቡት ሥራ 40 አድማጮች አራት ስፒከሮችን አንድ ጊዜ እያዩ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከመጋረጃ በስተጀርባ ሆነው ሳያዩ እንዲመዝኑ ተደረገ። አድማጮቹ ስፒከሩን ሲያዩት የሰጡት ነጥብ ሳያዩት ከሰጡት ተለየ፤ የስፒከሩ ቦታ ሲቀየር በድምፁ ላይ የሚመጣውን እውነተኛ ለውጥ እንኳ ስፒከሩን እያዩ በነበረበት ጊዜ ብዙም ልብ አላሉትም። ከእነዚህ አድማጮች መካከል የማዳመጥ ልምድ ያላቸውም ነበሩባቸው። እኛ ቤታችን ውስጥ ያጠራቀምነውን ገንዘብ ከፍለን፣ ካርቶኑን በደስታ ቀድደን ስናዳምጥማ ምን ያህል ልባችን እንደሚያዘነብል ያስቡት። ስለዚህ ዕቃው በደረሰ በሳምንቱ ከተጻፈ አድናቆት ይልቅ፣ ከስድስት ወር በኋላ በእርጋታ የተጻፈ ሦስት መስመር ለእኔ ይበልጥብኛል።

ይህን ስል ጆሮዎን እንዲጠራጠሩ አይደለም። ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ሌላ ጥናት 268 አድማጮች ስፒከሮችን ሳያዩ አዳምጠው ነበር፤ ሥልጠና የወሰዱትም ያልወሰዱትም በጥቅሉ የመረጡት ያንኑ ስፒከር ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ፣ የሠለጠኑት ፍርዳቸው ጽኑ መሆኑና ውጤታቸው ከጊዜ ጊዜ ብዙ አለመዋዠቁ ነበር። እንግዲህ ጥሩ ድምፅ ለመለየት የወንድምዎን ያህል ልምድ ሊኖርዎ ግድ አይደለም። ዕድሉን ለጆሮዎ መስጠት ብቻ ይጠበቅብዎታል።

እኔም የደረሰብኝን ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት በሰዎች አስተያየት ተማምኜ ሁለት ረጃጅም ስፒከሮች ገዛሁ። ድምፃቸው ቀጭን፣ ቤዛቸው የሌለ፣ ዘፋኙም ከየት እንደሚዘፍን የማይታወቅ ሆነብኝ። ሦስት ሳምንት ተናድጄ ከረምኩ፤ አንድ ወዳጄ ያንኑ ሊገዛ ሲጠይቀኝም ተው ብዬ ልመክረው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። አንድ ቀን አቧራ ልጠርግ ግራውን ስፒከር ሳዞረው፣ ቀዩ ገመድ ጥቁሩ ላይ፣ ጥቁሩ ቀዩ ላይ ገብቶ አየሁት። አንዱ ስፒከር አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ እየሳበ፣ ቤዙን እርስ በርስ ሲያጠፉት ከርመዋል። ገመዱን ነቅዬ፣ የተበተነውን የመዳብ ጭራ በጣቴ ፈትዬ መልሼ ስሰካው፣ ያው ዘፈን ከመሐል ቆሞ ዘፈነልኝ። ያኔ አስተያየቴን ጽፌው ቢሆን ኖሮ፣ ይኸን ጊዜ እርስዎ ካነበቧቸው መሐል አንዱ የእኔ ስህተት በሆነ ነበር።

ስለዚህ ከእንግዲህ አስተያየት ሲያነቡ ጸሐፊውን የሚጠይቁት ነገር ይኑርዎት። ክፍልህ ምን ያህል ነው? ስፒከሩ ከግድግዳው ምን ያህል ርቋል? አምፕሊፋየርህ ምንድን ነው? ምን ዓይነት ሙዚቃ ትሰማለህ? ከዚህ በፊት የለመድከው ስፒከር ምን ነበር? ለእነዚህ መልስ የሌለውን አስተያየት፣ ሙገሳም ይሁን ነቀፋ፣ ይለፉት። እንዲህ ካበጠሩት ያነበቡት መዓት ወደ ጥቂቶች ይወርዳል፤ ክፍሉ ከእርስዎ ሳሎን ጋር የሚቀራረብ አንድ ሰው ከተገኘ ደግሞ እሱን ደጋግመው ያንብቡት።

ስለ ፖልክ ቲ50 የተነሣውን ክርክር እግረ መንገዴን ላንሣው። ከፊት ከሚታዩት ሦስት ትልልቅ ክቦች አምፕሊፋየሩ የሚያንቀሳቅሰው አንዱን ነው፤ ይህ እውነት ነው። ሁለቱ ግን ለመልክ የተቀመጡ አይደሉም፤ ፓሲቭ ራዲየተር ይባላሉ። የሚሠራው ዉፈር በሣጥኑ ውስጥ የሚፈጥረው የአየር ግፊት እነሱን እያነቃነቀ ቤዙን ያግዛል፤ በሌሎች ስፒከሮች ላይ የምናየው የአየር ቀዳዳ የሚሠራውን ሥራ በሌላ መንገድ ይሠራሉ። ሁለቱም ተከራካሪዎች ግማሹን ይዘዋል።

ወንድምዎም እንዲሁ ግማሹን የያዙ ይመስለኛል። ለረጅሙም ለአጭሩም የሚከፈለው ገንዘብ እኩል ከሆነ፣ በረጅሙ ላይ የገንዘቡ ትልቅ ድርሻ ወደ እንጨቱ፣ ወደ ተጨማሪዎቹ ዉፈሮችና ወደ ማጓጓዣው ይሄዳል። ስለዚህ በርካሾቹ ረጃጅሞች ላይ ሣጥኑ ስስ ሆኖ አብሮ ሲንቀጠቀጥ፣ የወንድ ድምፅ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ዓይነት ቃና ሲይዝ ይሰማል። ይህንን ራስዎ በጣትዎ አንጓ የሣጥኑን ጎን መሐል ላይ አንኳኩተው መፈተሽ ይችላሉ፤ «ድም» ብሎ ቶሎ የሚሞት ድምፅ ከሰጠ ጥሩ ነው፤ እንደ ባዶ ሣጥን ካስተጋባ ይጠንቀቁ። በሌላ በኩል ግን የተፈጥሮ ሕግ ከእርስዎ ጋር ነው። ኬኤልኤች የተባለውን የስፒከር ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ የሆኑት አንቶን ሆፍማን እንዳስቀመጡት፣ ትንሽ ሣጥን፣ ጥልቅ ቤዝና በጥቂት ዋት ብዙ ድምፅ የመስጠት ብቃት፣ ሦስቱ በአንድ ላይ አይገኙም፤ ሁለቱን ለመያዝ ሦስተኛውን መልቀቅ ግድ ነው። ረጅሙ ስፒከር የሚለቀው ትንሽነቱን ነው። የመደርደሪያው ስፒከር ብዙውን ጊዜ የሚለቀው ደግሞ ቤዙን ነው፤ ጆሮ ቁመት ላይ የሚያስቀምጠው መቆሚያም ያስፈልገዋል፤ መቆሚያው ወለሉ ላይ የሚይዘው ቦታ ከረጅሙ ስፒከር እምብዛም አያንስም። በ3.20 በ4 ሜትር ክፍል ውስጥ ግን ጥልቅ ቤዝ ሁልጊዜ ጸጋ እንዳልሆነ ከላይ ካሰላነው አይተዋል። ስለዚህ ረጅም ከመረጡ፣ ኩባንያው በአንድ ስም ከሚሠራቸው ስፒከሮች ትልቁን ይተዉትና፣ ዉፈሮቹ ከአምስት ኢንች ብዙም የማይበልጡትን፣ ቀጠን ያለውን ይያዙ። የአየር ቀዳዳው ከፊት በኩል ቢሆን ለግድግዳ መቅረብ ይበልጥ ይመቻል፤ ከኋላ ከሆነም ቤዙ ሲበዛ ቀዳዳውን በተጠቀለለ ካልሲ ደፍኖ መሞከር ብዙ አድማጮች የሚያደርጉት፣ ምንም የማያስወጣ መፍትሔ ነው።

ባለቤትዎ ያነሡት ስጋት ከሁሉም በላይ ትክክል ነው፤ በዚህ ላይ አልደራደርም። ረጅምና ቀጭን ሣጥን በሁለት ዓመት ልጅ ክንድ ሊወድቅ ይችላል። ሰፋ ያለ የእግር መሠረት ያለውን ይምረጡ፤ ከላይ ከጀርባው በኩል ደግሞ ቁም ሣጥን ከግድግዳ ጋር በሚታሰርበት ዓይነት ማሰሪያ ከግድግዳው ጋር ያያይዙት። የፊቱን ጨርቅ ልጅቷ እስክታድግ አያውልቁ፤ የትዊተር ጉልላት የትንሽ ልጅ ጣት የሚጠራ ነገር ነው፤ አንዴ ከተጨነቆረ ደግሞ ወደ ቀድሞው አይመለስም። መቀመጫን በተመለከተ ስፒከሮቹን አጭሩ ግድግዳ ላይ፣ በመካከላቸው ወደ 1.80 ሜትር ያህል አራርቀው ማቆም ይቻላል። ከመግዛትዎ በፊት የስፒከሮቹን ልክ የሚያህሉ ሁለት ካርቶኖች ቦታው ላይ አቁመው ሳምንት ያህል አብረዋቸው ይኑሩ። ባለቤትዎ እያለፉ እየመጡ ያዩታል፤ ልጅቷም ምን እንደምታደርጋቸው ትታያለች። ደግሞም ልጠይቅዎ፤ ባለቤትዎ በእነዚህ ሰባት ወራት ውስጥ እርስዎ የሚፈልጉት ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነና ለምን እንደሆነ ነግረዋቸው ያውቃሉ? ለእኔ የጻፉትን ያህል ስለ አባትዎ ለእሳቸው ቢነግሯቸው፣ ያሰለቻቸው ስልኩ ላይ ማቀርቀሩ እንጂ ሙዚቃው እንዳልሆነ ይገባዎት ይሆናል።

አሁን ወደ አምፕሊፋየሩ ልምጣ፤ ምርጫውን በእውነት የሚያጠበው እሱ ነውና። ጀርባውን ያንብቡ። ከስፒከር ማሰሪያዎቹ አጠገብ የኦም (ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ የሚሰጠው ተቃውሞ) ቁጥር ተጽፎ ያገኛሉ። ከ8 ኦም በታች እንዳይያያዝበት የሚል ከሆነ፣ 4 ኦም የሆነ ስፒከር ማገናኘት ከአቅሙ በላይ ማስጎተት ነው፤ ይሞቃል፤ ሊቃጠልም ይችላል። ቀጥሎ ስፒከሩ በተሰጠው ኃይል ምን ያህል ድምፅ እንደሚያወጣ የሚናገረውን፣ ሴንሲቲቪቲ የሚባለውን የዴሲቤል ቁጥር ይመልከቱ። 3 ዴሲቤል የሚበልጠው ስፒከር ያንኑ ድምፅ ለመስጠት የሚፈልገው ዋት ግማሹን ነው፤ 87 ዴሲቤሉ 40 ዋት በሚጠይቅበት ቦታ 90ው በ20 ይበቃዋል። ለአሮጌ አምፕሊፋየር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የመጨመሪያው መንኮሻኮሽ ብዙ ጊዜ ከአቧራ የሚመጣ ስለሆነ ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በተሠራ ማጽጃ ይለቃል፤ ቢሆንም ዕቃው ስላረጀ፣ አዲስ ስፒከር ከመገናኘቱ በፊት አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ካፓሲተሮቹን ይይለትና ወደ ስፒከሩ የሚወጣ ዲሲ ቮልቴጅ አለመኖሩን ይለካልዎ። ይህ ቮልቴጅ ካለ የአዲሱን ስፒከር ኮይል (ወረቀቱን የሚያንቀሳቅሰውን የሽቦ ጥቅል) ያቃጥለዋል።

ጠጋኙ ጋ ሲሄዱ ግን አምፕሊፋየሩን ብቻ ይዘው አይሂዱ። ደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ነገር ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል፤ ዕቃ ቤት ጨርቅ ለብሰው የተቀመጡት የአባትዎ ስፒከሮች። የዉፈር ዙሪያ ስፖንጅ ከ15 እና ከ20 ዓመት በኋላ መፈርፈሩ የተለመደ እርጅና ነው፤ የስፒከሩ ሞት አይደለም። ወረቀቱ፣ ማለትም የሚንቀጠቀጠው ሾጣጣ ፊት፣ እና ኮይሉ ጤነኛ ከሆኑ፣ ልኩ የተገጣጠመ አዲስ ቀለበት ተገዝቶ፣ አሮጌው ሙጫ ተፍቆ፣ ኮይሉ መሐል ላይ መሆኑ እየተረጋገጠ ይለጠፋል። የሚያስፈልገው ወጪ አዲስ ስፒከር ከመግዛት ብዙ ጊዜ እጅግ ያነሰ ነው። እስከዚያው ግን አገናኝተው አያስጩሁባቸው፤ ደጋፊ ያጣ ወረቀት እየዋዠቀ ኮይሉን ያስፍቀዋል። ጨርቁን ያንሡ፤ ወረቀቱን በሁለት እጅ ጣቶችዎ ከዙሪያው እኩል ይዘው በጣም በቀስታ ወደ ውስጥ ይግፉት። የመቧጨር ድምፅ ካልሰሙ ጥሩ ምልክት ነው። ቢቧጭርም ተስፋ አይቁረጡ፤ ወረቀቱ ከመሐሉ ተንሸራትቶ ሊሆን ስለሚችል ጠጋኙ ያይልዎታል። የሚጠገን ከሆነ ግራና ቀኙ በአንድ ላይ ይጠገኑ፤ አለበለዚያ አንዱ ጎን ከሌላው የተለየ ድምፅ ይይዛል።

ይህ መንገድ ልብዎን ሊያስደስተው እንደሚችል ሁሉ ሊያሳዝነውም እንደሚችል አልሰውርዎትም። ስፒከሮቹ ተጠግነው፣ በአባትዎ አምፕሊፋየር ተነሥተው ሳሉ ድምፁ እንደ ትዝታዎ ላይሆን ይችላል። ያኔ የተቀመጡበት ክፍል ሌላ ነበር፤ ጆሮዎም የልጅ ጆሮ ነበር። ሆኖም ያንን ካዳመጡ በኋላ፣ የሚፈልጉት ያንን ድምፅ ይሁን ወይስ ያንን ምሽት፣ ማንም አስተያየት ሰጪ ሊነግርዎ በማይችለው ግልጽነት ያውቁታል። አዲስ መግዛት እንኳ ቢመርጡ፣ ከየት ተነሥተው እንደሚያወዳድሩ መነሻ ይኖርዎታል።

አዲስ ለመግዛት ከወሰኑ ቢበዛ ሁለት ዓይነት ይምረጡና፣ ሻጩን አስቀድመው አንድ ነገር ይጠይቁት፤ ቤቴ ወስጄ አዳምጬ ካልተስማማኝ እመልሳለሁ ወይ? የሚፈቅድ ሻጭ ካገኙ ዋጋው ጥቂት ቢጨምርም ይሻላል፤ በሱቅ ሰፊ አዳራሽ የሰሙት ድምፅ ሳሎንዎ ውስጥ አብሮዎት አይገባምና። ቤትዎ ሲያመጡት ቀይና ጥቁሩን ገመድ ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ። ለዓመታት የሚያውቋቸውን ሦስት አራት ዘፈኖችና አንድ የወንድ ድምፅ ንባብ ያዘጋጁ። ንባቡ ከሁለቱ ስፒከሮች መሐል እንደ አንድ ሰው ሆኖ ካልመጣና ከደረት የሚወጣ ካልመሰለ፣ መጀመሪያ ስፒከሩን ሳይሆን ቦታውን ይጠርጥሩ፤ ስፒከሮቹን በአንድ ጊዜ አንድ ስንዝር ያህል ከግድግዳው እያራቁ ደጋግመው ያዳምጡ። ሁለት ስፒከሮችን ሲያወዳድሩ ደግሞ የድምፃቸውን መጠን አስተካክለው ይሁን፤ ትንሽ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ባለቤትዎንም ያስቀምጧቸው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነግሯቸው ይጠይቋቸው። ከዚያ እርስዎ ዓይንዎን ይጨፍኑና እሳቸው ይቀያይሩልዎ። በመጨረሻ ማወዳደሩን ተዉና አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብለው ያዳምጡ። ጆሮ የሚበሳ ስፒከር ራሱን የሚያሳውቀው በመጀመሪያው ዘፈን አይደለም፤ ሰዓቱ ሳይሞላ ድምፁን ለመቀነስ እጅዎ ሲዘረጋ ያገኙታል።

ይህ ሁሉ ግን የጠጋኙን መልስ ይጠብቅ። በዚህ ሳምንት አስተያየት ማንበቡን ያቁሙና የዕቃ ቤቱን በር ይክፈቱ። ወንድምዎን ይዘው ቢሄዱ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ስለ ድምፅ ዕቃ ይህን ያህል የሚያውቁት፣ እሳቸውም በልጅነታቸው ያንኑ ስፒከር እያዳመጡ ያደጉ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ወረቀቶቹን ሁለታችሁ አብራችሁ ፈትሿቸው፤ ጠጋኙ ያለዎትንም ጽፈው ይላኩልኝ።